ጉድጓዱ እዚህ፣ መሪው እዚያ

በ2017 ዓ.ም. መባቻ በካዛንቺስ በኩል ያለፈ ሰው ሁለት ነገር ጎን ለጎን አይቷል። በአንድ በኩል ኤክስካቫተሮች የቆዩ ቤቶችን ግድግዳ እየገፉ ሲጥሉ፣ በሌላ በኩል በዚያው ፍርስራሽ አጠገብ የቀን ሥራ ፈላጊዎች ቆመው ሲጠብቁ። የብዙ ሰው የሳምንት ድካም በአንድ ጠዋት ሲያልቅ ማየት ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ በማሽኑ ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ቀና ብሎ የሚያየው፣ «እባክህ ወንድሜ፣ ዕቃዬን እስካወጣ ታገሠኝ» ብሎ የሚለምነው አንድ ፊት ነበረ። ልመናው ይሰማል ወይስ አይሰማም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚለመን ሰው ግን አለ።

ለመሆኑ ጋቢናው ባዶ ቢሆንስ? ማሽኑ እየሠራ፣ የሚሠራው ሰው ግን ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አህጉር ተቀምጦ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ለካዛንቺስ ገና ቢሆንም ለዓለም የማዕድን ኢንዱስትሪ ግን የቆየ ነው። ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዛሬው ጽሑፌ በርቀት የሚታዘዙ የማዕድን ማውጫ መሣሪያዎችን ጉዳይ ከታሪካችን ጋር አያይዤ ለማየት እሞክራለሁ። («እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የስሙ ትርጉም

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ስለ ርቀት አገዛዝ የሚነግረን ነገር አለ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» በሚል አሕጽሮት የሚጠራ ተቋም ነበራቸው። «ካዛ» ደግሞ በቋንቋቸው ቤት ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የአዲስ አበባ ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ «ካዛንቺስ» ሆነ፤ ሠሪዎቹ ሲባረሩም ስሙ ቀረ።

ይህን የማነሣው ለስም አመጣጥ ጨዋታ ብዬ አይደለም። ሮም ተቀምጦ የሚያዝ መንግሥት እዚህ የሚፈጽሙለት ሰዎች ያስፈልጉት ነበር። ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ቤት፣ ገበያ፣ መንገድ፣ ሐኪም ይፈልጋሉ። እንግዲህ የቀድሞው የርቀት አገዛዝ፣ ክፉም ቢሆን፣ ሰው መላክና ሰው ማኖር ግድ ይለው ነበር። የአሁኑ መሣሪያ ያመጣው ታላቅ ለውጥ ይህን ግዴታ ማቅለሉ ነው። መሪው ከጉድጓዱ ሲርቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በመካከል ያለው ሰው መነሣቱ ግን አዲስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ከማሽኑ በፊት የነበረው ሪሞት

በአገራችን የማዕድን ታሪክ ውስጥ መሪው ከጉድጓዱ አጠገብ የነበረበት ዘመን ጥቂት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በወለጋ ምድር ወርቅ ለመፈለግ ፈቃድ የያዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እዚያው ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ወጥቷል። ዛሬ ስሙ በዜና የሚነሣው የምዕራብ ወለጋው ቱሉ ካፒም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ቆፍረውት ነበር። በሁሉም ዘንድ ዶማ የያዘው የአገሬው ሰው ሲሆን ውሳኔው የሚመጣው ግን ባሕር ተሻግሮ ነው።

በአፋር በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት ጣሊያኖች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከመርሳ ፋጡማ ተነሥቶ ወደ ዳሎል አቅራቢያ የሚዘልቅ የባቡር መስመር ዘርግተው የዳሎልን ፖታሽ ወደ አውሮፓ አጋዙ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ የከርሰ ምድር ቁፋሮ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መገባደጃ ማዕድኑ በውኃ ሲጥለቀለቅ ትቶት ሄደ። ለአፋሩ ሰው የቀረለት በዚያ ሐሩር ውስጥ በመጥረቢያ ጨው እየቆረጠ በግመል መጫን ነበር። ይህም ከአያቶቹ ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ከማዕድን ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ቂርቆስ፣ ወደ ላጋር እንምጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ የተዘረጋው በእኛ መሬት ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው ኩባንያ መቀመጫ ግን ፓሪስ ነበር። የጭነት ታሪፉም ሆነ የትርፉ ክፍፍል የሚወሰነው እዚያ ነው። ባቡሩ ላጋር ቢቆምም መሪው ከላጋር አልነበረም ማለት ነው። ኢትዮጵያ እኩል ድርሻ የያዘችውና የኩባንያው መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1959 በተፈረመ ስምምነት ነው። ሐዲዱ ያው ሐዲድ፣ ባቡሩም ያው ባቡር ሆኖ ሳለ በአንድ ውል ምክንያት መሪው ቦታ ለወጠ። ይህን ነገር አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አዶላስ? የአዶላ ወርቅ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመንግሥት እጅ፣ በጥበቃ ተከልሎ፣ በአካፋና በዶማ፣ በውኃ እጥበት ይመረት የነበረ ሀብት ነው። መሪው በዚህ ጊዜ ፓሪስ ወይም ሮም አልነበረም፤ አዲስ አበባ ነበረ። ለጉጂው አርብቶ አደር ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ወርቁ ወደ ሰሜን ሲሄድ ያየዋል፤ የሚመለስ ነገር አላየም። ስለዚህ የርቀት ጉዳይ «የውጭ ሰው በዘበዘን» ብለን የምንዘጋው ምዕራፍ እንዳልሆነ ከወዲሁ መናዘዝ ያስፈልጋል። እኛ የመሀል ከተማ ሰዎችም ለብዙ ዘመን ሪሞቱን ጨብጠናል።

ለገደንቢ፦ ቅርብ ያለ ምሥክር

በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ በተካሄደ ፍለጋ በሻኪሶ አካባቢ ለገደንቢ ላይ ሰፊ የወርቅ ክምችት ተገኘ። ከደለል ሳይሆን ከዐለት ውስጥ የሚወጣ ወርቅ ነው። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ፤ የሃያ ዓመት ፈቃድም ተሰጠው። በመልካም ዓመታት በዓመት ከ3 ቶን በላይ ወርቅ ይወጣበት ነበር።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። የሻኪሶ ሰው ወርቁን ተራምዶ እየኖረ ከፋብሪካው በሚወጣ ፍሳሽ ምክንያት ሕፃናት ጉዳት እየደረሰባቸው ይወለዳሉ፣ ከብቶች ያልቃሉ ሲል ለዓመታት ጮኸ። ፈቃዱ ለተጨማሪ አሥር ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ምርቱ የቀጠለው በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ የብክለቱን ጥያቄ እንደገና አንሥቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የሻኪሶ ሕዝብ ድምፁ እንዲሰማ ያደረገው ምንድን ነው? ሕጉ? ፍርድ ቤቱ? አይመስለኝም። ማዕድኑ የሚሠራው በሰው በመሆኑ ነው። ሠራተኛው የዚያው ከተማ ነዋሪ፣ የዚያው ከተማ ተከራይ፣ የዚያው ገበያ ደንበኛ ነው። ልጁ በዚያው ትምህርት ቤት ይማራል። ከተማው ሲያምፅ ሠራተኛው ከሥራ ይቀራል፤ ሠራተኛው ከቀረ ማሽኑ ይቆማል። ደካማ ሕግ ባለበት አገር ሕዝብ በኩባንያ ላይ ያለው ትልቁ መያዣ ይኸው ነው። ጋቢናው ውስጥ ያለው ፊት ዘመድ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

እንግዲህ ወደ መሣሪያው እንግባ። በርቀት የሚታዘዝ የማዕድን መሣሪያ ሲባል ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት መለየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በዐይን ርቀት የሚታዘዘው ነው። በከርሰ ምድር ማዕድን ውስጥ ዐለቱ በድማሚት ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ ክፍል ጣራው ያልተደገፈ በመሆኑ ሰው እንዲገባበት አይፈቀድም። ነገር ግን ማዕድን የያዘው ፍርስራሽ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ከሎደሩ ወርዶ፣ ማዘዣውን በወገቡ ታጥቆ፣ ጥግ ይዞ እየተመለከተ ማሽኑን ብቻውን ያስገባዋል። ጣራው ቢደረመስ የሚጠፋው ብረት ነው። ችግሩ ቆሞ የሚያዘው ሰው ራሱ ለሚንቀሳቀሰው ማሽን ቅርብ መሆኑ ነው፤ በዚህ ምክንያት የተጎዱ ብዙዎች ናቸው።

ሁለተኛው ደረጃ ኦፕሬተሩን ከዋሻው አውጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በማሽኑ ላይ ካሜራ ይገጠማል፤ በዋሻው ግድግዳ ላይ ገመድና የሬዲዮ ማስተላለፊያ ይዘረጋል፤ ምክንያቱም የሬዲዮ ሞገድ ዐለት አልፎ አይሄድም። ሰውየው ከመሬት በላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ስክሪን እያየ ሎደሩን ይነዳል። የካናዳው ኢንኮ በሳድበሪ፣ የስዊድኑ ኤልካቢ በኪሩና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህን ዘዴ ገፍተውበታል።

ሦስተኛው ማሽኑ መንገዱን በራሱ የሚሄድበት ነው። ሰውየው ባልዲውን ሲሞላ ብቻ ይረዳዋል፤ አለዚያም አንድ ሰው ብዙ ማሽኖችን በአንድ ጊዜ ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቺሌ የጋብሪኤላ ሚስትራል የመዳብ ማዕድን ሹፌር የሌላቸው ግዙፍ ገልባጭ መኪኖች ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሪዮ ቲንቶ በምዕራብ አውስትራሊያ ተመሳሳይ ሙከራ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ይኸው ኩባንያ የፒልባራን የብረት ማዕድኖች በሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ከፐርዝ ከተማ የሚቆጣጠርበትን ማዕከል ከፈተ። ይህ ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአየር መስመር ካለው ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ሻኪሶ በመኪና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ፐርዝ ሆኖ ፒልባራን ማዘዝ ከተቻለ ካዛንቺስ ሆኖ ሻኪሶን ማዘዝ ለቴክኒኩ ምንም አይደለም።

ኩባንያዎች ይህን የሚወዱት ለሰው ሕይወት አዝነው ብቻ አይደለም። ድማሚት ከፈነዳ በኋላ ጭሱ እስኪወጣ ሰው መግባት ስለማይችል ሰዓታት ይባክናሉ፤ ማሽን ግን ጭስ አይፈራም። ፈረቃ ሲለወጥ ሠራተኛ ከዋሻ እስኪወጣና ሌላው እስኪገባ የሚባክነውም ጊዜ ብዙ ነው። ማሽን ምሳ አይበላም፣ የሌሊት አበልም አይጠይቅም።

ለመሣሪያው ፍትሕ እንስጠው

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ መሣሪያውን እንደ ጠላት የማይ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ስሕተት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል ሲቆፍሩ የነበሩ ወጣቶች ዋሻው ተደርምሶባቸው ውስጥ ቀሩ። የአካባቢው ሰው እየተጋገዘ ሊደርስላቸው ታገለ። የወገል ጤና ኦፓል በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀ ዕንቁ ነው፤ የሚያወጡት ልጆች ግን በገደል ወገብ ላይ በዶማና በመሮ ጠባብ ዋሻ እየሰረሰሩ ነው። እነዚያን ልጆች ያሰበ ሰው በርቀት የሚታዘዝ መሣሪያን ሊራገም አይችልም።

ነገር ግን ልብ በሉ። መሣሪያው ደላንታ አልሄደም፤ የሚሄድም አይመስልም። መሣሪያው የሚሄደው ክምችቱ ሰፊ ወደሆነበት፣ የሰው ጉልበትና ካሣ ውድ ወደሆነበት ነው። የደላንታው ልጅ ሕይወት ከአንድ ካሜራ ዋጋ ባነሰበት ገበያ ለእርሱ ማሽን የሚገዛለት የለም። በአገራችን በባህላዊ መንገድ ማዕድን የሚያወጡ ሰዎች ከሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ ወጪ ንግድ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲገኝ አብዛኛውን ወርቅ ያቀረቡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የሚጠብቀን ሁለት ዓለም ነው፦ በአንዱ ጉድጓድ ሰው የሌለበት ማሽን፣ በሚቀጥለው ጉድጓድ ማሽን የሌለው ሰው። አደጋውን የሚሸሸው የመጀመሪያው፣ አደጋውን የሚሸከመው ሁለተኛው ይሆናል።

የማሊ ትምህርት

«ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው፤ አፍሪካ አይደርስም» የሚል ቢኖር ወደ ማሊ ይመልከት። በደቡብ ማሊ ሲያማ የተባለ የወርቅ ማዕድን አለ። ባለቤቱ ሬዞሉት የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ከስዊድኑ ሳንድቪክ ጋር ሆኖ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ የከርሰ ምድሩን ሥራ በአውቶማቲክ መሣሪያ ለማስኬድ ሲተጋ ቆይቷል። ሎደሮቹና ገልባጮቹ በዋሻ ውስጥ ያለ ሹፌር እንዲመላለሱ፣ ሰዎቹም ከመሬት በላይ ካለ ክፍል እንዲቆጣጠሩ ተብሎ የተነደፈ ነው። ከአፍሪካ ድሃ አገሮች በአንዷ ከዓለም ዘመናዊዎቹ አንዱ የሆነ ማዕድን ተተከለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ግን የማሊ ወታደራዊ መንግሥት የኩባንያውን ዋና ሥራ አስፈጻሚና ሁለት ባልደረቦቹን ባማኮ ላይ ያዛቸው። ክርክሩ ስለ ግብር ነበር። ኩባንያው 160 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ሰዎቹም ተለቀቁ። እኔ በዚህ መንገድ የሚሰበሰብን ግብር አላደንቅም። ሰው አግቶ መደራደር የመንግሥት ወግ አይደለም። ይሁንና ነገሩ የሚነግረን አለ፦ ጋቢናው ባዶ ሲሆን፣ ሕግም ሲደክም፣ መንግሥት የሚይዘው ፊት ፍለጋ ይወጣል። ሹፌሩን ካጣ ሥራ አስፈጻሚውን ይይዛል። ሕጉን አስቀድሞ ያላበጀ አገር መጨረሻው እንዲህ ያለ ውርደት ነው፤ ለኩባንያውም፣ ለአገሩም።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝቦች ነው ይላል። በአንቀጽ 98 ከከፍተኛ የማዕድን ሥራ የሚገኘውን የገቢ ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች በጋራ እንዲሰበስቡ ደንግጓል። በአንቀጽ 97 ደግሞ በክልል ውስጥ ያሉ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የደመወዝ ግብር የክልሉ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 በበኩሉ መንግሥት ከከፍተኛ ማዕድን ያለ ክፍያ 5 በመቶ ድርሻ እንዲኖረው፣ ባለ ፈቃዱም ብቃት ያላቸውን ኢትዮጵያውያን በቅጥር እንዲያስቀድም ያዛል።

እነዚህ ሁሉ ድንጋጌዎች በአንድ ግምት ላይ የቆሙ ናቸው፦ ማዕድኑን የሚያወጣው ሰው ማዕድኑ ያለበት ቦታ ይገኛል በሚል። ይህን ግምት አንሥተን እንመልከት። የሻኪሶን ሎደር የሚያንቀሳቅሰው ሰው ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢቀመጥ የደመወዙን ግብር የሚጠይቀው ኦሮሚያ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። ኪራዩን የሚቀበለው፣ ምሳውን የሚሸጥለት፣ ልጁን የሚያስተምርለት ቂርቆስ ነው። የገቢው ሽራፊ ሳይቀር ወደ መሀል ይፈልሳል። ኢትዮጵያዊ ተቀጥሯልና የአዋጁ ቃል ተከብሯል፤ የጉጂ ወጣት ግን በሩ ላይ ቆሟል።

ሰውየው ፐርዝ ቢቀመጥስ? በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የቅጥር ገቢ ከኢትዮጵያ የመነጨ የሚባለው ሥራው የሚከናወነው በኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን ነው። እንግዲህ የሕግ ሰዎች ይፍረዱን፦ ባልዲው የሚዝቀው ሻኪሶ፣ ባልዲውን የሚያዘው ጣት ያለው ፐርዝ ሲሆን ሥራው የት ተከናወነ ይባላል? እንደ እኔ እምነት የኢትዮጵያ አፈር እየተነሣ ነውና ሥራው እዚህ ተከናውኗል መባል ይገባዋል። ነገር ግን ይህን የሚል ግልጽ አንቀጽ ካልጻፍን ሌላው ወገን የሰለጠኑ ጠበቆች አሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ከወዲሁ ማሰብ ይሻላል።

መስመሩ ለማን ይከፈታል?

ሌላም አለ። በርቀት የሚታዘዝ መሣሪያ የሚኖረው በመገናኛ መስመር ነው። መስመሩ ለጥቂት ሰኮንድ ቢቋረጥ ማሽኑ ለደኅንነቱ ሲል ይቆማል። የእኛ መንግሥት ደግሞ መስመር በመቁረጥ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከጥር እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ቱሉ ካፒ የሚገኝበት ምዕራብ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነበር። ወላድ አምቡላንስ መጥራት ያልቻለችበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ትግራይ ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ።

በእንዲህ ያለ አገር በርቀት የሚሠራ ማዕድን ምን ያደርጋል? መልሱ ቀላል ነው፤ የራሱን የሳተላይት መስመር ያስገባል። ያን ጊዜ የምናየው ትዕይንት ይህ ይሆናል፦ የመንደሩ ሰው ስልክ የሞተ፣ ከመንደሩ ሥር ያለው ሎደር ግን ከባሕር ማዶ ትእዛዝ የሚቀበል። ወርቁ ከዓለም ጋር ይነጋገራል፤ ባለ አገሩ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር አይችልም። ይህ ከሆነ መሪውን የነጠቀን ማሽኑ ነው ለማለት አፍ አይኖረንም።

ወደ ካዛንቺስ መመለስ

ከፈረሱት የካዛንቺስ ቤቶች ብዙ ሳይርቅ የአፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1961 ተመርቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት ነው። ሰፈሩ በሚፈርስበት በዚያው ሰሞን አዳራሹ ታድሶ ተከፈተ። በዚህ ቅጥር ግቢ የሚገኘው የኢኮኖሚ ኮሚሽን «የአፍሪካ የማዕድን ራእይ» ሲነደፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ራእዩን መሪዎች ያጸደቁት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። የማዕድን ልማት ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ኮሚሽኑ ዘንድ ሥራ ጀመረ፤ ቋሚ መቀመጫው እንድትሆን ግን ኋላ ጊኒ ተመረጠች።

የራእዩ ዋና ሐሳብ ማዕድን ከአካባቢው ኢኮኖሚ ተቆርጦ እንደ ደሴት እንዳይኖር፣ ከእርሻው፣ ከፋብሪካው፣ ከሙያው ጋር እንዲተሳሰር ማድረግ ነው። መልካም ሐሳብ ነው። ግን ደሴቱን ከመሬቱ ጋር ያያያዘው የመጨረሻው ክር ሠራተኛው እንደሆነ፣ ያም ክር ሊቆረጥ እንደሚችል አሁን በሚገባው መጠን እየተነጋገርን አይደለም።

ምን ይደረግ? ለዚህ ነው የላጋርን ባቡር ቀደም ብዬ ያነሣሁት። እ.ኤ.አ. በ1959 በአንድ ውል መቀመጫው ከፓሪስ አዲስ አበባ መጣ። መሪ በውል ይንቀሳቀሳል። እኔ የምለው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በርቀት መሣሪያ የሚሠራ ማዕድን የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ማዕድኑ ባለበት ዞን እንዲያቆም በፈቃድ ውሉ ይጻፍ። ወንበሩ አዲስ አበባም ሆነ ፐርዝ መሆን የለበትም፤ ሻኪሶ ይሁን። ለቴክኒኩ ልዩነት የለውም፤ ለሻኪሶ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ሁለተኛ፣ የማዘዣው ወንበር የትም ይሁን፣ ሥራው የተከናወነው ማሽኑ ባለበት ቦታ ነው የሚል ግልጽ አንቀጽ በግብር ሕጋችን ይግባ።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ማሽኖች እያንዳንዱን ባልዲ ይመዝናሉ፤ እያንዳንዱን ጉዞ ይመዘግባሉ። እስከ ዛሬ መንግሥት ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደወጣ የሚያውቀው ኩባንያው በነገረው ልክ ነበር። አሁን ግን መዝገቡ ራሱን በራሱ ይጽፋል። የመዝገቡ ቅጂ ለማዕድን ሚኒስቴርም፣ ለክልሉም፣ ለወረዳውም በየቀኑ ይድረስ። ሮያሊቲ የሚሰላውም በዚህ ይመሳከር። ማሽኑ ሹፌሩን ከወሰደብን ቢያንስ ሚዛኑን ይስጠን።

አራተኛ፣ ሎደር በስክሪን መንዳት ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቅ ሙያ አይደለም። ዛሬ በቴሌቪዥን ጨዋታ ቤት የሚውል ወጣት በወራት ሥልጠና የሚለምደው ነው። የሻኪሶ፣ የአሶሳ፣ የደላንታ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት መምሰያውን ይግዙ። ማሽኑ ሲመጣ «ብቃት ያለው ኢትዮጵያዊ አጣን» የሚል ምክንያት አይኑር።

ውድ አንባብያን፤ ጣሊያን በካዛንቺስ ቤት የሠራው ወዶን አልነበረም። የሚያዝለት ሰው ማደሪያ ስለሚያስፈልገው ነው። ቤቶቹ ግን ለእኛ ቀሩ፤ ስማቸውም ሰፈር ሆነ። ሰው የሚያልፍበት ሥራ፣ በደል ሲሆንም እንኳ፣ የሆነ ነገር ጥሎ ያልፋል። ሰው የማያልፍበት ሥራ ግን ጉድጓድ ብቻ ነው የሚተወው። ስለዚህ ጋቢናው ባዶ ሆኖ ከመምጣቱ በፊት በውላችን ውስጥ ሰው እናስቀምጥ፤ የሻኪሶ እናት ቀና ብላ የምትጠይቀው፣ «ልጄ፣ ይህ ውኃ ምን ሆነ?» ብትለው የሚመልስላት አንድ ፊት ይኑር።

ቸር እንሰንብት።